በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ፈልጎ ነው የመጣው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሰው ሦስት ደብዳቤ ነው። ሦስቱም የሚያነሱት የትልልቅ የሃይማኖት ተቋማትን ድረ ገጽ ነው። አንዷ ጠያቂ ዌብሳይቱን እንድታድስ የታዘዘች ወጣት ናት፣ ሁለተኛው እድሳቱ ያሳሰባቸው አባት ናቸው፣ ሦስተኛው ፈልጎ ያጣ ልጅ ነው። የሰዎቹንም የተቋማቱንም ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። መሀል ከተማ ቢሮው ያለ ትልቅ መንፈሳዊ ተቋም ውስጥ በነጻ አገለግላለሁ። የተማርኩት ኮምፒውተር ስለሆነ ‹ዌብሳይቱን አንቺ አድሺው› ተባልኩ። ገብቼ ሳየው ደነገጥኩ። ሜኑው ላይ ያለው በሙሉ የመምሪያ ስም ነው። ስብከተ ወንጌል መምሪያ፣ ቅርስ ጥበቃ መምሪያ፣ ልማት መምሪያ፣ ሒሳብና በጀት መምሪያ እያለ ይወርዳል። የፊተኛው ገጽ ላይ የስብሰባ ፎቶ ይሽከረከራል። ገጹ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ግማሹ ዓመታት ያለፈበት ነው። ሰዉ ግን ዛሬም ስልክ እየደወለ፣ በአካል እየመጣ ነው የሚጠይቀው። አለቃዬ ‹ቀለሙን ቀይሪው፣ ዘመናዊ ይምሰል› አሉኝ። እኔ ችግሩ ቀለሙ አይመስለኝም፤ ግን ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ከየት ልጀምር?» (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀለሙ አትጀምሪ። ከኮምፒውተሩም አትጀምሪ። ከጥበቃው ጀምሪ።

በር ላይ የሚቀመጡትን አባት ማለቴ ነው። ምእመኑ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ እንደ እሳቸው የሚያውቅ የቢሮ ሰው የለም። ይህን የተማርኩት ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ በር ላይ ነው። ልክ እንዳንቺ ለዌብሳይት እድሳት ምክር ተጠርቼ ሄድኩ። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከጥበቃው ጎን ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ደብተር ይዤ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሰዉ ሲገባ የሚጠይቀውን፣ ከአፉ እንደወጣ፣ ሳላስተካክል ጻፍኩ።

«አባቴ፣ ልጅ ክርስትና ላስነሳ ነበር፣ ማንን ላናግር?» «የክርስትና ካርዴ ጠፍቶብኝ ነበር።» «ዛሬ ቅዳሴ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» «ስእለት ነበረብኝ፣ የት ነው የማስገባው?» «የአባቴ ዐርባ ደርሶ ነበር፣ ፍትሐቱን እንዴት ነው የምናደርገው?» «የንስሐ አባት ፈልጌ ነበር።» «ለኤምባሲ ነው፣ ያላገባ የሚል ወረቀት ትሰጣላችሁ?»

ጥያቄው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወዲህ መደጋገም ጀመረ። አዲስ ነገር የሚጠይቅ ሰው እየቀነሰ መጣ። ጥበቃው ደግሞ ሁሉንም ይመልሱ ነበር፤ አጭር አድርገው፣ በጣታቸው እያሳዩ። «በዚያ በኩል ዞረሽ፣ ሰማያዊዋ በር፣ መታወቂያ ይዘሻል?» እኔ እስካሁን ካየሁት መነሻ ገጽ ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው።

ከመጡት ውስጥ አንዲት እናት አልረሳትም። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ከሳሪስ ነው የመጣችው። ሁለት ታክሲ ቀይራ። ወንድ ልጅ ነው፣ ዐርባ ቀኑ በሚቀጥለው እሑድ ይደርሳል። ምዝገባ ግን በዚያ ቀን አልነበረም። ዓርብ ነው ተባለች። የእሷንና የባሏን መታወቂያ ኮፒ ይዛ መምጣት ነበረባት፤ አልያዘችም። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ስልኳን አወጣችና «ማታ እኮ ዌብሳይታችሁን አይቼዋለሁ» አለች። ከፍታ አሳየችኝ። ፎቶዎቹ እስኪመጡ ጠበቅን። ከዚያ የኃላፊው መልእክት መጣ። ከዚያ ሜኑው። «የቱ ጋ ነው ያለው?» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ስፈልግ ስፈልግ አገኘሁት፤ አንድ መምሪያ ውስጥ፣ «አገልግሎቶች» የሚል ሥር፣ «የምስጢረ ጥምቀት አፈጻጸም መመሪያ» የሚል ርዕስ ያለው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ሆኖ። የምዝገባው ቀን እዚያ ውስጥ አለ። ተቋሙ መረጃውን አልደበቀም። በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው እንጂ።

ለአለቃሽ ማስረዳት ያቃተሽ ነገር ይኼ ነው። ዌብሳይታችሁ የተደራጀው ቢሮው በተደራጀበት መንገድ ነው። ይህ የእናንተ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ገና በፈረንጆቹ 1968 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን አስተውሎታል፤ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት ዞሮ ዞሮ የድርጅቱን የውስጥ አወቃቀር ይመስላል ብሎ። መምሪያ ያለው ተቋም መምሪያ መምሪያ የሚሸት ዌብሳይት ይሠራል። እያንዳንዱ ኃላፊ «የእኛ ክፍል የታለ?» ይላል፣ ሜኑው ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ በዓመቱ ሜኑው የቢሮ በር ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር ይሆናል። ከሳሪስ የመጣችው እናት ግን ክርስትና ማስነሳት የየትኛው መምሪያ ሥራ እንደሆነ ማወቅ የለባትም። ለምን ብላ?

እንግሊዞች በመንግሥት ደረጃ ይህንኑ ቋጠሮ ፈትተውታል። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2012 ጎቭ ዶት ዩኬ የተባለውን የመንግሥታቸውን የጋራ ድረ ገጽ ሲከፍቱ ዳይሬክትገቭና ቢዝነስ ሊንክ የተባሉትን ሁለት ትልልቅ ድረ ገጾች ተካ። ቀጥሎ የየሚኒስቴሩ ገጾች ወደዚያው ተሰበሰቡ። የንድፍ መርሆቻቸው የመጀመሪያ መስመር ከተጠቃሚው ፍላጎት ጀምር የሚል ነው። ፓስፖርት የሚፈልግ ዜጋ ፓስፖርት ብሎ ይገባል። የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ሳያውቅ ጨርሶ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። በር ላይ ሁለት ሦስት ጠዋት ተቀመጪ። አንዱን የሥራ ቀን፣ አንዱን እሑድ፣ ከተቻለ አንዱን የወር በዓል ቀን አድርጊው፤ በ12 ወይም በ21 የሚመጣው ሕዝብና ተራ ማክሰኞ የሚመጣው ሕዝብ ጥያቄው አንድ አይደለም። ከዚያ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ጋ ቁጭ በዪ። የቴሌግራሙንና የፌስቡኩን መልእክት ሣጥን አስከፍተሽ አንብቢ። ጉግል ሰርች ኮንሶልን ከዌብሳይቱ ጋር ካገናኘሽው ደግሞ ሰዎች ጉግል ላይ ምን ብለው ጽፈው ወደ እናንተ እንደመጡ ያሳይሻል፤ ነጻ ነው። እነዚህን አራቱን አንድ ደብተር ላይ ስታጋጥሚያቸው ከላይ የሚወጡት ጥያቄዎች ከአሥር ብዙም አይዘሉም ብዬ እገምታለሁ። እነዚያን መጀመሪያ ሥሪያቸው። የቀረው ሥራ ሕዝቡን ሳያጉላላ ሊቆይ ይችላል።

ቃሉን ደግሞ አደራ። ጥያቄውን ስትጽፊ ወደ ቢሮ ቋንቋ አትተርጉሚው። ሰዉ «ክርስትና ማስነሳት» ነው የሚለው። ምስጢረ ጥምቀት ትክክለኛውና የከበረው ስሙ ነው፣ ገጹ ውስጥ ይኑር፤ በሩ ላይ የሚጻፈው ግን ሰዉ የሚለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ሜኑ ላይ ብቻውን «ክርስትና» ብለሽ ከጻፍሽ ግማሹ ሰው ስለ እምነቱ ታሪክ የሚያወራ ገጽ ይመስለዋል። «ልጅ ክርስትና ማስነሳት» በዪው። ይረዝማል። ይርዘም!

ሌላው የካርዱ ጨዋታ ነው። ወረቀት ቆራርጠሽ አንድ አንድ ላይ አንድ አንድ ጉዳይ ጻፊ። ሠላሳ አርባ ካርድ ይበቃል። ከዚያ ለምእመን ስጪና «አብሮ የሚሄደውን አንድ ላይ አድርጉልኝ፣ ለየክምሩም ስም ስጡት» በዪ። ዝም ብለሽ ተመልከቺ። እኛ ያን ጊዜ ያደረግነው ከግቢው ማዶ ባለች ቡና ቤት ነው፣ የጽዋ ማኅበር ያላቸው እናቶችን ለምነን። አንዷ እናት «የጋብቻ ማስረጃ» የሚለውን ካርድ ያዙ። እኔ «ጋብቻ» ከሚለው ክምር ጋር እንደሚያደርጉት እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ካርዱን ትንሽ አየት አደረጉት፣ ወደ ጋብቻው ሄዱ፣ ተመለሱና ከክርስትና ካርዱና ካላገባው ወረቀት ጋር አደረጉት። «ያኛው ሠርግ ነው፤ ይኼኛው ወረቀት ነው» አሉ። በቃ። ማስረጃ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ልቡ ውስጥ ያለው ኤምባሲው፣ ቀጠሮው፣ ማኅተሙ ነው። ሠርጉ ካለፈ ስንት ዓመቱ። «ማስረጃ ማውጣት» የሚለው ክፍል የተወለደው ከእኒያ እናት እጅ ነው። ቢሮ ውስጥ ሦስት ስብሰባ ብናደርግ አናገኘውም ነበር።

ሜኑውን ከጨረስሽ በኋላ ኮድ ሳትጽፊ በወረቀት ፈትኚው። ሜኑውን ብቻ ጽፈሽ ያዢና «ልጅሽን ክርስትና ልታስነሺ ነው፣ የቱን ትነኪያለሽ?» ብለሽ ጠይቂ። ተሳስታ ብትነካ እንዳታርሚያት። የተሳሳተው ሜኑው ነው። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው ባለሙያ በፈረንጆቹ 2000 እንደጻፈው፣ አምስት ሰው ብትፈትኚ አብዛኛውን ችግር ታያለሽ። አስተካክለሽ ሌላ አምስት መፈተን አንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሰብስቦ ከመፈተን ይሻላል። አለቃሽንና ሁለት የመምሪያ ኃላፊዎችን ጥሪና ከጎን ይቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገቢያቸው፤ ዝም እንዲሉ። አንዲት እናት የእነሱን መምሪያ ስም እያየች «ይኼ ምንድነው?» ስትል አንዴ ከሰሙ በኋላ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ግን አንድ ገጽ ነው። ሰው ሲያርፍ የሚከፈተው ገጽ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እናቱ ያረፈችበትን ልጅ አስቢው። ኮሪደር ላይ ቆሟል። ስልኩ ባትሪው እያለቀ ነው። ዕድሩን ማን እንደሚጠራ ያውቃል፤ ለፍትሐቱና ለቀብሩ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ብዙ ቦታ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ይጠየቃል፣ ደረሰኙ የት እንዳለ እናቱ ብቻ ናት የምታውቀው። ለዚህ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ትልቅ ሆኖ የተጻፈ፣ ሲነካ የሚደውል፣ ሰው የሚያነሳው ስልክ ቁጥር ይሁን። ቀጥሎ ምን ይዞ እንደሚመጣ። ቀጥሎ ደረሰኝ የሌለው ምን እንደሚያደርግ። ስለ ሞትና ትንሣኤ የሚያስተምረው ጽሑፍ ከሥር ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ያነበዋል፣ ያኔ ያስፈልገዋል። ይህ ገጽ ፎቶ አያስፈልገውም። አንድ ሜጋባይት ጥቅል በቀረው ስልክ ላይ እንኳ መከፈት አለበት። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ካልተመደበ ደግሞ ቁጥሩን አታውጪው፤ ለዚያ ልጅ የማይነሳ ስልክ ከባዶ ገጽ ይከፋል።

የአጥቢያ ነገር ሌላው ነው። ትልቅ ተቋም ከሆናችሁ ከጥያቄው ብዙው የሚመለሰው በዋናው ቢሮ አይደለም፣ በየአጥቢያው ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ኤ ቸርች ኒር ዩ የሚባል ድረ ገጽ አላት። ሰዉ ሰፈሩን ይጽፋል፣ አቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያን ከነአገልግሎት ሰዓቱ ይመጣል። ብልሃቱ መረጃውን የሚያድሰው አጥቢያው ራሱ መሆኑ ነው። አንቺ ብቻሽን የስንቱን ደብር የቅዳሴ ሰዓት ትከታተያለሽ? ከየሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ልጅ ይመደብ።

ሰዓት ስንል፣ «ቅዳሴ 2፡00» ብለሽ እንዳትጽፊ። እኛ ጠዋት ብለን እናነበዋለን፤ ውጭ ያደገ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በዪ። ቀንም እንደዚያው። የሚዘዋወሩት አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ ይፈለጋሉ። ነነዌ ሰኞ እንደምትገባ ሁሉም ያውቃል፣ የቷ ሰኞ እንደሆነች ነው ሰዉ የሚጠይቀው። «የ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሰኞ ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው» የሚል አንድ መስመር፣ ከጎኑ የፈረንጁን ቀን ጨምረሽ፣ ከላይ አስቀምጪ። የባሕረ ሐሳቡን አቆጣጠር የሚያስረዳው ረጅም ጽሑፍ ለሚወደው ከሥር ይከተል።

በመጨረሻም አሮጌው ነገር። አሮጌ ገጾችን በጅምላ አትደምስሺ። በየቴሌግራም ግሩፑ የተለጠፈው ሊንክ በሙሉ ይሞታል። የገጽ አድራሻ ከቀየርሽ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲያደርስ 301 የሚባለውን ማዞሪያ አድርጊ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ መቼ እንደታደሰና የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይጻፍ። ባለቤት ያልተገኘለት ገጽ ወደ ማኅደር ይግባ። መምሪያዎቹም አይጠፉም፤ «ስለ እኛ» ውስጥ እያንዳንዳቸው ክብር ያለው ገጽ ይኑራቸው። ከእነሱ ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው እዚያ ያገኛቸዋል።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ። ልጆቹ ዌብሳይቱን እናድስ ብለው ወረቀት ይዘው መጡ፤ ‹ተጠቃሚ፣ ተጠቃሚ› የሚል ቃል ሞልቶበታል። እኛ ምእመን እንጂ ተጠቃሚ የለንም። ቤተ ክርስቲያን ሱቅ አይደለችም፣ ሰው የጠየቀውን ሸጣ የምትሸኝ። የአባቶች መልእክትና ትምህርቱ ወደ ታች ወርዶ የወረቀት ጉዳይ ከላይ ሲሆን አያሳዝንም? እስቲ መልስ ስጡኝ።» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አባቴ፣ በቃሉ ላይ ይስማማሉ ወይ ቢሉኝ እስማማለሁ። እኔም ብሆን ምእመን የሚለውን እመርጣለሁ። ልጆቹም ወረቀቱን አስተካክለው «ምእመኑ ምን ፈልጎ ይመጣል?» ብለው ቢጽፉት አንድም ነገር አይጎድልባቸውም፤ እንዲያውም ሥራቸውን በደንብ ይገልጸዋል።

በሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ልበልዎት። ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ መንገድ ዳር ሆኖ ሲጮኽ ጌታ አስጠርቶ መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ነው። ማየት እንደሚፈልግ ጠፍቶት አይደለም። ግን ጠየቀው። ሰውየው በራሱ አንደበት ተናገረ። ከዚያ ዳነ፣ ከዚያም ተከተለው። ልጆቹ እየጠየቁ ያሉት ያንኑ ጥያቄ ነው።

ትምህርቱም አይወርድም። ቦታውን ነው የሚያገኘው። ዛሬ ትምህርቱ «ትምህርተ ሃይማኖት» የሚል ሜኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱን የሚከፍተው አስቀድሞ ለመማር የተቀመጠ ሰው ነው። ክርስትና ለማስነሳት የመጣች ወጣት እናት ግን የምዝገባውን ቀን ካወቀች በኋላ ልቧ ይከፈታል። እዚያው ገጽ ላይ፣ ከመታወቂያው ጉዳይ ቀጥሎ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት ለምን እንደሆነ ቢጻፍላት ታነበዋለች። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ የሚለውን አባቶች የሚያስተምሩትን ትምህርት ልጇን አቅፋ ስታነበው፣ በሌላ ቀን ከምታነበው በላይ ይገባታል። እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለስንት ሰው በር ላይ ቆመው፣ ጉዳዩን ጨርሰውለት፣ ከዚያ አንድ ቃል አስተምረውት ሸኝተውታል?

መልእክትን በተመለከተ፣ ሰዉ የአባቶችን ቃል አጥብቆ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። በጥቅምትና በርክበ ካህናት የቅዱስ ሲኖዶስ ጉባኤ ሲሆን፣ በዓል ሲቃረብ፣ አገር ሲጨነቅ። በእነዚያ ቀናት መልእክቱ ከሁሉ በላይ ይውጣ። ሙሉው ጽሑፍ ሆኖ ግን፤ የማኅተም ፎቶ ብቻ አይሁን። በስልክ የሚያነብ ሰው የደብዳቤ ፎቶ እያሰፋና እየጎተተ ሲያነብ ዓይኑ ይደክማል፣ ዓይናቸው ለማያይ ወገኖች የሚያነብላቸው ፕሮግራምም ፎቶን አያነብም። ጉባኤው ካለፈ በኋላ ያው መልእክት ለወራት ከላይ ሲቆይ ግን አዲሱ መልእክት ሲመጣም ሰዉ አሮጌው መስሎት ያልፈዋል። ክብሩን የሚቀንሰው ይኼ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ሲቀመጡ እርስዎም አብረዋቸው ይቀመጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰሙትን ጥያቄ እነሱ ገና አልሰሙትም፤ የሚሰሙትን ለይተው የሚያስረዱላቸው እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ «አንድ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ዌብሳይት ላይ ‹ስላሴ› ብዬ ሰርች ሳደርግ ምንም የለም አለኝ። ጓደኛዬ ‹ሥላሴ› ብሎ ሲጽፍ ተዥጎደጎደ። ‹ፀሎት› ስል አንድ ነገር፣ ‹ጸሎት› ስል ሌላ ነገር። ፊደል አላውቅም ማለት ነው ወይስ ዌብሳይቱ ነው ችግሩ?» (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዌብሳይቱ ነው።

በአማርኛ አንድ ድምፅ ይዘው በተለያየ ፊደል የሚጻፉ አሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። ጠንቅቆ የሚጽፍ ሊቅ ይለያቸዋል፣ በግእዝ ፊደሉ ሲቀየር ትርጉምም ይቀየራል። አብዛኛው ሰው ግን ስልኩ ላይ ቅርብ ያለውን ይነካል። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ሰ እና ሠ እንደ በ እና ተ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ማንም ካላስተማረው አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ለሠሪዎቹ ንገርልኝ። ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ በትክክለኛው ፊደሉ ይቆይ። ሥላሴ ሥላሴ ይሁን። ሰርቹ ከጀርባ ሲያነጻጽር ብቻ ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ፊደል ይቀይር። ስላሴ ብትልም ሥላሴ ብትልም አንድ ቦታ ትደርሳለህ። እዚያው ሳሉ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ቤተክርስቲያን» እና «ቤ/ክ» አንድ መሆናቸውን ያስተምሩት። ከፊት የሚለጠፉትን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ደግሞ እያነሣ ይፈልግ፤ አለዚያ «ለክርስትና» ብሎ የጻፈ ሰው «ክርስትና» የሚለውን ገጽ አያገኝም። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ሰርቹ እነሱንም ያስብ።

ሌላም የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል። ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎች በየራሳቸው ፎንት ነበር የሚጽፉት። ያ ጽሑፍ ዓይንህ አማርኛ ሆኖ ቢያየውም ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል፣ ሰርቹም አያገኘውም። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ለሰርች ባዶ ወረቀት ነው። ሁሉንም እንደገና መተየብ አይቻልም፤ በጣም የሚፈለጉትን ጥቂቶቹን ግን አንድ ልጅ በሁለት ሳምንት ይጨርሳቸዋል።

ላንተ ደግሞ አንድ ሥራ። ሰርች አድርገህ ያጣሃቸውን ቃላት፣ እንደጻፍካቸው ሳታርም፣ ዘርዝረህ ዌብሳይቱ ላይ ባለው ኢሜይል ላክላቸው። «ስላሴ»፣ «ፀሎት»፣ «ክርስትና ማስነሳት»፣ ሌላም ያጋጠመህን። ባለሙያዎቹ አንድ በአንድ እየጻፉ ይሞክሩት።